ለመጀመሪያው ሰው

"በቀኝ እጅሽ ያዢው እንጂ! በግራ ይሰጣል እንዴ?" አለች አክስቷ ቴርዛ።

ሄስተር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ዳቦና አይብ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች። ሕፃኗ ኤልሲ ደረቷ ላይ በሻርፕ ታስራ ተኝታለች። ከባሕር የተነሣው ጭጋግ መንደሩን ውጦታል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀረው የደወሉ ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያልጠገበች እናት እንዲህ ባለ ጠዋት ስትሄድ እግሯ መሬት ይርገጥ አይርገጥ አታውቀውም። ሄስተር በሕልሟ የምትራመድ መስሏታል፤ ደስ ብሏታልም።

በዚህ በኖርዘምበርላንድ ጠረፍ፣ ሕፃን ልትጠመቅ ስትወሰድ እናቲቱ ዳቦ፣ አይብና አንዲት የብር ሳንቲም ጠቅልላ ትወጣለች። መንገድ ላይ መጀመሪያ ለተገኘው ወንድ ትሰጠዋለች። ተቀባዩም ጉዳዩን ትቶ ይዞራል፤ ሕፃኗን እስከ ቤተ ክርስቲያን ይሸኛል። የመጀመሪያውን አልፋ ለሌላ የሰጠች እናት የልጇን ዕድል አሳልፋ ሰጠች ይባላል። ዛሬ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ቴርዛ ግን አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ተቀምጣ ከደንበኞቿ አፍ የቆዩ ቃላት ስትለቅም የኖረች ናት፤ በተለይ የመስጠት ቃላትን። እሷ ባለችበት ቤት ልማድ አይቀርም።

"ሃንሰል" አለች እየተራመደች፤ ቃሉን ከረሜላ ይመስል አፏ ውስጥ አገላበጠችው። "አዲስ ነገር ለጀመረ ሰው የሚሰጥ ነው። ባዶ ቦርሳ ለሰው አይሰጥም፤ ሳንቲም ጣል ይደረግበታል። ከብት የሸጠም ለገዢው ምርቃት ብሎ ጥቂት ሳንቲም ይመልስለታል። ፌሪንግ ደግሞ ገበያ የዋለ ሰው ለወዳጁ ይዞ የሚገባው ነው፤ ሪባን፣ የዝንጅብል ብስኩት…"

'ኪት ያመጣልኝ ነበር' ልትል ነበር ሄስተር። ዋጠችው።

"የማለዳ ስጦታም አለ፤ ባል በሠርጉ ማግስት ለሚስቱ የሚሰጣት።"

"ለእኔ በማለዳ የደረሰኝ ባዶ ቁም ሣጥን ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። ቀልዱ ግን ሄስተርን አመማት። የኤልሲ አባት ኪት፣ እሷ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ነው "አልችልም" ብሎ ባሕር ላይ የንፋስ ተርባይን ሊተክል የሄደው። ከሁለት ሳምንት በፊት "ልያት?" ብሎ ጻፈላት፤ አልመለሰችለትም። አንዴ በሩን ከከፈተችለት፣ ሁለተኛ ሲሄድ የሚተወው ሁለት ሰው ነው። የምትፈራው ይህን ነበር።

ስለዚህም ነገሩን ለዕድል አልተወችውም። ጡረታ የወጡትን ጀልባ ጠጋኝ፣ ጋሽ ራልፍን፣ አራት ሰዓት ላይ ድልድዩ ጋ እንዲቆሙላት ለምናቸዋለች።

"ቀጠሮ ተይዞለት ምኑን መስጠት ሆነ?" አለች ቴርዛ፤ ከትናንት ጀምሮ ስታጉረመርምበት ነበር።

"ሰካራም ቢያጋጥመኝስ?"

"ለሰካራሙ ትሰጫለሻ!"

ድልድዩ ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። መሐሉ ላይ አንድ ሰው ቆሟል።

"ጋሽ ራልፍ! እግዜር ይስጥልኝ" አለች ሄስተር።

ሰውየው ዞረ። ኪት ነበር። ከስቷል፤ ፊቱን ንፋስ አጥቁሮታል። ሄስተር ሳታስበው የሕፃኗን ራስ በመዳፏ ከለለች።

"ማን ጠራህ?"

"ማንም። ስታልፉ ከሩቅ ላያችሁ ብዬ ነበር። እንዲህ ይጨግጋል ብዬ መች አሰብኩ።" ዓይኑ ነጩ ጨርቅ ላይ አረፈ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። እጆቹን ከኪሱ አላወጣም። "ለኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አላየንህም በሉ፤ እሄዳለሁ።"

ከበስተኋላ ኮቴ ተሰማ። "መጣሁ! መጣሁ!" እያሉ ጋሽ ራልፍ ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ ተጠምጥሞ እያለከለኩ ደረሱ። "ሰባ ዓመት በኖርኩበት መንደር ጠፋሁ እኮ! እዚህ መስሎኝ የወፍጮው ድልድይ ላይ ቆሜ…" ኪትን ሲያዩ ቆም አሉ። ከዚያ ሄስተርን በርኅራኄ አዩዋት። "ያው… የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ አይደል የኔ ልጅ?"

ሊዋሹላት ተዘጋጅተዋል። አዎ ብትል ኪት ይሄዳል፤ በሕይወቷ አንድም ነገር አይናወጥም። አክስቷን አየች።

"እኔን ምን ታይኛለሽ?" አለች ቴርዛ። "የሚሰጠው እጅ ያንቺ ነው።"

ኪት ፊቱን አዙሮ መሄድ ጀምሯል። ሄስተር ተናደደችበት፤ ናፈቃትም፤ ሁለቱም እኩል እውነት ነበሩ። ቢለምናት ኖሮ እምቢ ትለው ነበር፤ ታውቀዋለች። እሱ ግን አልለመነም።

"ኪት!"

ቆመ።

"እጅህን ከኪስህ አውጣ።"

ዳቦውን በቀኝ እጇ ዘረጋችለት። በሁለት እጁ ተቀበለ። ጋሽ ራልፍ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ነው" አለችው። "ከበሩ ወዲያ ያለውን አላሰብኩበትም።"

"እስከ በሩ ይበቃኛል።"

ኪት ዞሮ በጎኗ መሄድ ጀመረ። ደወሉ ቀርቧል፤ በሩ ሩቅ አልነበረም። ሄስተር ሻርፑን ከኤልሲ ፊት ላይ ገለጥ አደረገችና እርምጃዋን ቀነሰች።