ቀጭኗ ቀንበጥ

መጥረቢያው ለሦስተኛ ጊዜ ግንዱ ላይ ሲያርፍ ብርቱካኑ ከነፍሬው ተንቀጠቀጠ፤ የበሰሉት ፍሬዎች እየረገፉ በግቢው ሲሚንቶ ላይ ተንከባለሉ። እናትየው የሁለቱን ልጆቿን ግቢ በምታገናኘው የቆርቆሮ በር በኩል፣ አንድ እግሯ ጫማ አድርጎ ሌላው ባዶውን ደረሰች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከሮጠች ስንት ዘመኗ።

"ተው ልጄ! ተው፣ የወንድምህ ነው!"

ታናሹ ልጇ፣ ሹፌሩ፣ "የወንድምህ" የሚለውን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። መጥረቢያውን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ ለአራተኛ ጊዜ አሳረፈው። እሑድ ጠዋት፣ ሰው በሚያርፍበት ሰዓት፣ አዲስ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ በዛፍ ላይ የሚነሳ ሰው ካለ፣ ነገሩ የዛፍ ብቻ አይደለም።

ነገሩ የአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ነበር። ሹፌሩ የሚነዳውን መኪና ባለቤት ቤቱ ጋብዞት ነበር፤ አዲሱን መኪና ለእሱ እንዲሰጠው ሊለማመጠው። ሰባት ዓመት ውሃ ሲጠጡ የኖሩት ሁለት ብርቱካኖቹ ዘንድሮ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍርተዋል። እንግዳው ሳይቀምስ ማንም እንዳይነካ ብሎ ቤተሰቡን ከልክሎ፣ ጠዋት በገዛ እጁ ለቅሞ፣ በገዛ እጁ ጨምቆ አቀረበ። እንግዳው አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ሳህኑ ላይ ተፋው። የሹፌሩ ሚስት ስኳር ላምጣ ብላ ስትነሳ፣ ይሄንንማ ጆንያ ሙሉ ስኳርም አይመልሰውም ብሎ ሳቀ። ሹፌሩም አብሮ ሳቀ፤ እየሳቀ እስከ መኪናው ሸኘው። ሲመለስ በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ መጥረቢያውን አነሳና ወደ ወንድሙ ግቢ ተሻገረ።

አራቱን የብርቱካን ችግኞች በአንድ ቀን ያመጣቸው ታላቅ ወንድሙ፣ ብረት በያጁ ነበር። ሁለቱን በራሱ ግቢ ተከለ፣ ሁለቱን በወንድሙ። የበያጁ ካፈሩ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጣዕማቸውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወራዋል። የሹፌሩ ደግሞ ይኸው እሬት ሆነው አረፉት። ወንድማማቾቹ ችግኙ በተተከለ በዓመቱ በውሃ ተራ ተጣልተው ከተኮራረፉ ወዲህ፣ በያጁ ያቺን የቆርቆሮ በር አልፎ አያውቅም። ስለዚህ ሹፌሩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላስፈለገውም፦ ወንድሙ ጣፋጩን ለራሱ አስቀርቶ መራራውን አውቆ ሰጥቶታል፣ ሰባት ዓመትም በሆዱ ሲስቅበት ኖሯል።

በያጁ ከቤት ሲወጣ ፊቱን ግማሹን ተላጭቶ ግማሹ ገና አረፋ ነበር። ዛፉን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ትንፍሽ አላለም። ግድግዳው ሥር ከደረደራቸው ብረቶች መሃል ክንድ የሚያህል ቱቦ መዘዘ። እናትየው የፈራችው ይሄንን ነው። ሹፌሩ ከመምታቱ በፊት ይጮኻል፤ ሰው ቢያንስ መሸሻ ያገኛል። በያጁ ግን ዝም ካለ ማንም አይመልሰውም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእሷ ልጆች በሁሉ ነገር ተለያይተው በእጃቸው ብቻ ይመሳሰላሉ። እጃቸው የአባታቸው ነው።

ቱቦው ሹፌሩ ትከሻ ላይ ሲያርፍ መጥረቢያው ከእጁ አመለጠ። ሹፌሩ ዞር ብሎ በግንባሩ የወንድሙን አፍንጫ ነረተው፤ አረፋውና ደሙ ተቀላቅሎ በአገጩ ወረደ። ተያይዘው ወደቁ። በያጁ ጉልበቱን ወንድሙ ደረት ላይ ተክሎ አንገቱን አነቀው፤ ሹፌሩ ፊቱ እየጠቆረ መሬቱን ሲዳብስ የመጥረቢያውን እጀታ አገኘና የወንድሙን የቀኝ እጅ አንጓ በእንጨቱ ደጋግሞ ቀጠቀጠው። እናትየው መሃላቸው ገባች። የማንኛቸው ክርን እንደሆነ አላወቀችም፤ አፏ ላይ አረፈባት፣ የፊት ጥርሷ ተነቅሎ ምላሷ ላይ ወደቀ።

የለያያቸው የሹፌሩ ሚስት ናት። አንድ ባልዲ ውሃ ይዛ መጥታ፣ የሚናከሱ ውሾችን እንደሚለያይ ሰው ሁለቱም ላይ ደፋችባቸው። ትን ብሏቸው እያሳሉ ተላቀቁ። ዛፉም የእነሱን ጠብ ሲጠብቅ ቆይቶ ይመስል፣ ያን ጊዜ በተቆረጠበት በኩል ተሰንጥቆ ቀስ ብሎ ተኛ።

"ምን አደረግኩህ?" አለ በያጁ፣ አንጓውን በሌላው እጁ ደግፎ።

"መርዝ ተክለህልኛል! ለራስህ ማር፣ ለእኔ እሬት!"

በያጁ የተባለው አልገባውም። ሲገባው ግን ከመምታት ይልቅ ተነስቶ የቆርቆሮዋን በር አልፎ ገባ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። የሹፌሩ ሁለት ዛፎች ጣት የሚያህል እሾህ አውጥተው ቆመዋል። በያጁ አንደኛው ሥር ተንበርክኮ ግንዱ ላይ የተጋገረውን አፈር ጠረገና ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለ አሮጌ ጠባሳ አሳየ። ችግኞቹ የተዳቀሉ ነበሩ፤ ጣፋጩ ብርቱካን በዱር ብርቱካን ሥር ላይ የተቀጠለ።

"ከዚህ በላይ ያለው ነበር ጣፋጩ። ከዚህ በታች ያለው የዱር ነው፣ የሚፈለገው ሥሩ ብቻ ነው። ከታች የሚያቆጠቁጠውን እየቆረጣችሁ ጣሉ ብዬ ነበር።" ጣቱን ጠባሳው ላይ አሳረፈ። "እዚህ ግን የላይኛው ነው የተቆረጠው። በስለት ነው። የዱሩን ስታሳድጉ ነው የኖራችሁት።"

እናትየው ጠባሳውን አወቀችው።

ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው የአትክልት ችግኝ በሚፈላበት ቦታ ነው፤ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ሥራው በአንድ ሕግ ይሄዳል፦ ሁለት ቡቃያ አንድ ላይ ከበቀለ ደካማውን ንቀል፣ ጠንካራውን ተው። እጇ ይሄንን ከጸሎት በላይ ያውቀዋል። የልጇ ብርቱካኖች በተተከሉበት ዓመት፣ ከአንድ ሥር ሁለት ቀንበጥ ወጥቶ አየች፤ አንዷ እርሳስ የምታህል ቀጭን፣ ሌላው ወፍራምና ቀጥ ያለ። ሁለተኛውም ችግኝ እንደዚያው። ቀጫጭኖቹን በቢላዋ ቀነጠሰቻቸው፤ ልጄን ረዳሁት ብላም ደስ ብሏት ዋለች። መዳቀል የሚባል ነገር ያኔ ማን ነግሯት።

"ለማን ነው የነገርከው?" አለ ሹፌሩ።

በያጁ ሳያስብ እውነቱን ተናገረ። "ለሚስትህ።"

ሹፌሩ በዚህኛው ጊዜ አልጮኸም። ዞረና ሚስቱን በቡጢ አገጯ ላይ መታት። ጀርባዋን ለእሾሁ ሰጥታ ወደቀች። ፀጉሯን ይዞ አነሳት፣ ፊቷን ከጠባሳው ጋር አገናኘው፣ "ይቺን ነው ያላየሽው? ይቺን?" እያለ ግንዱ ላይ ፈተገው። ለቀቃትና በጫማው ጎኗን ረገጣት።

"እኔ ነኝ!" አለች እናትየው። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ሁለቱንም እኔ ነኝ!"

ሹፌሩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሳቀ፤ የምሩን ነው የሳቀው።

"አንቺማ ሁሌም አንቺ ነሽ፣ እማ።"

እውነቱን ነው። ልጆቹ መስታወት ሲሰብሩ እኔ ነኝ ብላ ዱላውን የቀመሰች እሷ ናት። አባታቸው ክንዷን ሲሰብረው ከደረጃ ወድቄ ነው ያለች እሷ ናት። ባለፈው ዓመት የምራቷ ዓይን ሲያብጥ፣ የቁም ሳጥኑ በር መቷት ነው ብላ ለጎረቤት ያስረዳች እሷው ናት። ከልማዷ ብዛት አሁን እውነቱን ብትናገር የሚያምናት ጠፋ። በያጁ ሳይቀር ዓይኑን ሰብሮ፣ "ተይ እማ፣ በቃ" አላት። ሹፌሩም ሚስቱን እንደገና ረገጣት። ሦስተኛውን ሊደግም ሲል በያጁ በደህና እጁ አንገቱን አንቆ በሰውነቱ ግድግዳው ላይ አጣበቀው፤ እናትየው ምራቷን ከሥሩ ጎትታ አወጣቻት።

ጤና ጣቢያው ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ተደጋግፈው ደረሱ፤ ምራቷ በየአሥር እርምጃው እየቆመች ጎኗን ትይዛለች፣ እናትየው ደሟን እየዋጠች። ተረኛዋ ነርስ ምራቷን አልጋ ላይ አስተኝታ ጎኗን ስትዳብስ፣ ምራቷ አልጮኸችም፤ የአልጋውን ብረት ጨብጣ እንባዋ ብቻ በጆሮዋ ላይ ወረደ። ለራሷ ጥርስ ያላለቀሰችው ሴትዮ ለምራቷ ዝምታ አለቀሰች፤ ይህ ዝምታ የራሷ ነበር፣ ያስተማረቻትም እሷ ናት።

ሹፌሩ ደረሰ። ነጭ ሸሚዙ ተቀዳዷል፣ ቁጣው በርዷል፣ ፊቱ ላይ ከቁጣ በኋላ ሁልጊዜ የሚመጣው የልጅነት መልኩ ተመልሷል። በሩ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ ጠራት።

"እማ። ከመሰላል ወድቃ ነው በያት። ብርቱካን ስትለቅም። የሚታመን ነገር ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ከሥራ ያባርሩኛል፣ እማ።"

ነርሷ ቅጹን አውጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምራቷን ጠየቀቻት፤ አገጯ ስላበጠ አፏን መክፈት አልቻለችም፣ ዓይኗን ብቻ ወደ አማቷ አዞረች። ነርሷም ወደ እናትየው ዞረች። አደጋ ከሆነ አክማ እንደምትሸኛት፣ ተመትታ ከሆነ ግን ወረቀቱ ዛሬውኑ ወደ ፖሊስ እንደሚሄድ ነገረቻት። ስንቱን ሰምታ የደከማት ሴት ናት፤ መልሱን ሳትጠብቅ እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ነበር።

"ወድቃ ነው አይደል፣ እማማ?"

እናትየው ልጇን አየችው። ጡት ያጠባችው ልጅ ነው፤ ሲወለድ ከወንድሙ ያንስ ነበር፣ ይሞትብኛል ብላ ስንት ሌሊት በደረቷ አቅፋው አድራለች። ሳሳችለት፤ በዚህ ሰዓት እንኳ ሳሳችለት። እሱም ያንን ከዓይኗ አንብቦ ራሱን ነቀነቀላት፣ በይ እንግዲህ እንደማለት።

"ወድቃ አይደለም" አለች። ጥርሷ በሌለበት በኩል ቃሉ ተንሸራተተባት፤ ነርሷ እንዳልሰማች መሰላትና ጮክ ብላ ደገመችው። "አልወደቀችም። ልጄ ነው የደበደባት። በሩ ላይ የቆመው።"

"እማ" አለ ሹፌሩ፣ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ።

እናትየው ከግድግዳው ሥር ሌላ ወንበር አንስታ በአልጋውና በበሩ መሃል አኖረችው፣ ተቀመጠችበትም፤ ጀርባዋ ወደ እሱ ነው።

"ጻፊ፣ የኔ ልጅ" አለቻት ነርሷን፣ ስሙንም ከነአባቱ ስም አስጻፈቻት።