አቶ አይቻልም

«ቆርቆሮው ተመትቷል ወይስ ገና ነው?» አለ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ርዕሰ መምህሯ የሰማችውን ለማመን ተቸገረች። አባቷ ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው። ሰውየው ሲገባ እንደማንኛውም ለቀስተኛ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ እናቷን አቅፏል፤ ዓይኑንም በመሐረብ ጠርጓል። የቀረበለትን ሻይ ግን ሳይቀምስ «አንዴ ላነጋግርሽ» ብሎ ጓዳ ድረስ ተከትሏት ገባ።

«የምን ቆርቆሮ?»

«ትምህርት ቤትሽ የመጣው ነዋ። ሚስማር ነክቶታል?»

«አልነካውም። ለአናጢ የምንከፍለው ስለሌለን መጋዘን ተቆልፎበታል።»

ኃላፊው እፎይ አለ። ሐዘን ቤት ውስጥ እፎይ የሚል ሰው ደስ አይልም፤ እሷንም ደስ አላላትም።

ሳሎኑ ሞልቶ ለቀስተኛው ወደ ግቢው ተርፏል። ወንበር ስላልበቃ ከሰፈሩ ትምህርት ቤት ዴስክ ተውሰው አምጥተዋል። የወረዳው መምህራን ለልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተኮልኩለዋል። ለሟች ማዘናቸው እውነት ነው። ደመወዛቸው ከዘገየ መሰንበቱም እውነት ነው፤ የቤት አከራይ ደግሞ ለቅሶ ላይ ነኝ ቢሉት አይሰማም። ጠዋት አንዲት አራስ መምህርት ልጇን እያጠባች ለጓደኛዋ «አሁን ማን ይፈርምልናል?» ስትል ርዕሰ መምህሯ ሰምታለች። ቢያማትም አልፈረደችባትም።

አባቷ የገጠሩን ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ሲይዝ ነው ያረጀው። መምህራኑ ያወጡለት ስም «አቶ አይቻልም» ነበር። ከጠመኔ የተረፈ ገንዘብ መስኮት አይገዛበትም፤ ለመስኮት በመጣው ደግሞ በር አይጠገንበትም። ሁሉም በየመደቡ ነው። «ይሄ ሰውዬ ገነት በር ላይ ቢደርስ እንኳ፣ በየትኛው የሂሳብ መደብ ነው የምታስገቡኝ ብሎ ሳይጠይቅ አይገባም» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ቤት ውስጥም ያው ነዋ። የስኳር ገንዘብ ለሳሙና አይወጣም። ልጅ ሆና በእርሳስ መግዣዋ ከረሜላ ብትገዛበት አልተቆጣትም፤ ወሩ እስኪያልቅ ግን በአሮጌው እርሳሷ ጉማጅ ጻፈች።

ባለፈው ዓመት ነፋስ የትምህርት ቤቷን ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደው። ደብዳቤ ጻፈች፣ ቢሮው ድረስ ሄደች፣ እራት ላይም አነሳችበት። መልሱ አንድ ነው። በመጨረሻ «እሺ፣ አንድ ቀን መጥተህ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተቀመጥ» አለችው። መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። ትምህርቱ ሳይጋመስ ዝናቡ ወረደ። ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ደብተራቸውን ከሸሚዛቸው ሥር ከትተው፣ ጥቂት ጣሪያ ወደቀረችበት ጥግ ተሰበሰቡ። አንዲት ትንሽ ልጅ ተመልሳ መጥታ እጁን ያዘችው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ይምጡ። እዚህ ብዙ አያፈስም» አለችው።

ከልጆቹ ጋር ተጣብቆ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመ። ሲወጣ ርዕሰ መምህሯ ፊት ፊቱን አየችው። እሱ ግድግዳውን እያየ «አይቻልም። መደቡ ባዶ ነው» አላት። እሷም ከእንግዲህ ምንም እንደማትጠይቀው ነገረችው። ከዚያ ወዲያ እናቷን ለማየት የምትመጣው እሱ ቢሮ ሲሆን ብቻ ነበር።

በኋላ አንድ መኪና ቆርቆሮ ጭኖ መጣ። ከአንዱ የእርዳታ ድርጅት ነው ብላ ጠረጠረች። የተማሪ ወላጆች ከየት እንደመጣ ሲጠይቋት «ከየትም ይምጣ፣ ከአባቴ አለመሆኑን ግን በደንብ አውቃለሁ» አለቻቸው፤ ተሳሳቁ። አሁን ኃላፊው ጓዳ ውስጥ ቆሞ የሚነግራት ግን ተቃራኒውን ነው። የላከው አባቷ ነው። ያውም ከመምህራን ደመወዝ አንስቶ። የሩብ ዓመቱ በጀት ደመወዝ ሳይደርስ ይለቀቃል፣ ያኔ ያነሳው ገንዘብ ወደ ቦታው ይመለሳል ብሎ አምኖ ነበር። በየዓመቱ የሚለቀቀው ገንዘብ ዘንድሮ አልተለቀቀም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ ደፈረ፣ ያንኑ ጊዜ ጉድ ሆነ። ከበላዮቹ ደጅ አልጠፋም፣ ስልክ አልቀረውም፤ በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ።

«የሸጠለት ነጋዴ ቆርቆሮው ካልተመታ መልሼ እወስደዋለሁ ብሏል» አለ ኃላፊው። «ከተመለሰ ደመወዙ ይከፈላል፣ ነገሩም እዚሁ ያልቃል። ካልተመለሰ ኦዲተር ይመጣል፣ ጉድለቱም በአባትሽ ስም ይመዘገባል። የእናትሽ ጡረታም ይያዛል። ርዕሰ መምህሯ ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ካልፈረምሽ ዕቃ አይወጣም።»

«ከሌላ መደብ ማዛወር አይቻልም?»

ሰውየው አፍሮ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «አይቻልም» አላት።

ማታ ለቀስተኛው ሲሳሳ ለእናቷ ነገረቻት። እናትየው ሰማችና «እኔ ጡረታው ይቅርብኝ፣ የልጆቹን አትንኪባቸው» አለች። ልጅቷ በአገጯ ወደ ሳሎኑ አመለከተች። አራሷ መምህርት ልጇን አቅፋ ዴስኩ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ነበር። እናትየው አየቻት፤ ተነስታም ነጠላዋን አለበሰቻት።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሯ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ነጋዴው የላከው የጭነት መኪና ላይ ወጣች። የአባቷ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ የት ነው የምትሄደው ተብላ ታማች። ሰው ያላትን ሁሉ ሰምታለች፤ ቆማ የምታስረዳበት አቅም ግን አልነበራትም።

መጋዘኑን ከፍታ ፈረመች። ጫኞቹ ቆርቆሮውን እያወጡ መደርደር ሲጀምሩ ወላጆች ከየአቅጣጫው መጥተው አጥሩ ሥር ቆሙ። መጀመሪያ ጣሪያ ሊመታ መስሏቸው መዶሻ ይዘው የመጡም ነበሩ። ሁኔታው ሲገባቸው አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ማነው የሚወስድብን?»

ውሸት ብትፈልግም አልመጣላትም። «የላከው አባቴ ነው፤ የምመልሰው እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ነገሩ የገባቸው አይመስልም። ጥቁሯን አይተው ግን «ነፍስ ይማር» ብለው መዶሻቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ይሄ ከስድብ የባሰ ሆነባትና ጥላቸው ወደ መጋዘኑ ገባች። እንዲህ የሚያደርግ ሰው መሆኑን ሳታውቅ ያመለጣት አባቷ አንጀቷን አቃጠላት። ያን ቀን ሲወጣ እጁን እንኳ አልጨበጠችውም።

አንድ ቆርቆሮ ቀርቷል። ጫኙ ሊወስድ ሲመጣ ከለከለችውና ራሷ አንስታ ወጣች። ግቢው መሀል ስትደርስ ዝናቡ ጀመረ።

«አቀብዪኝ እንጂ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ እንውጣ» አላት ጫኙ ከላይ ሆኖ።

«ትንሽ ቆይ» አለችው።

ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛ፣ ዝናቡ ሲደበድበው እየሰማች፣ ከሥሩ እንደቆመች «አባባ» ብላ አለቀሰች።