ለትልቋ ቅንጣት የሳሳው ሰባሪ

የላቦራቶሪው ሰዎች "ሰባሪው" ይሉታል። በቀልድ ያወጡለት ስም ነው እንጂ እሱስ ዝንብ የማይነካ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥራው መንኮራኩር ከአንዲት አስትሮይድ፣ ፀሐይን ከምትዞር የጠፈር አለት፣ ላይ ዘግና ያመጣቻቸውን ቅንጣቶች በመጭመቂያ እየሰበረ፣ ስንት ኃይል እንደሚችሉ መለካት ነው። ያቺ አለት አንድ ቀን ፊቷን ወደ ምድር ብታዞር በምን እንደሚገፏት የሚወሰነው በእሱ ቁጥር ነው።

ለአንዷ ቅንጣት ግን ሳስቶላታል። አተር ታክላለች፤ ጥቁር ናት። አየር በማይገባበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በወፍራም ጓንት ሲያገላብጣት፣ ፀሐይን በልጅነቷ የምታውቃት ይመስለዋል። በሐሳብ ጭልጥ ይላል። "አንቺ ለነገ" ይላትና ትንንሾቹን ይሰብራል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምድርን ከአለቲቱ የመከላከያውን ዕቅድ የሚያወጡት አዛውንት መሐንዲስ ቁጥሮቹን ይዘው መጡ።

"ስማ እንጂ ሰባሪው፣ አለቲቱ ብረት ናት እንዴ?"

"ምነው ጋሼ?"

"በአንተ ቁጥር ከሄድን አንድ ከባድ ነገር ወርውረን እንገጫታለን፣ ትገፋለች፣ አለቀ። እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ። ትልቋ ስንት ቻለች?"

አንገቱን ደፋ። "አልሰበርኳትም። ሳሳሁላት።"

"ለጠጠር? ልታገባት ነው?" ሳቁና ወዲያው ኮስተር አሉ። "አንተ ልጅ፣ ትንንሾቹ እኮ ከመፈረካከስ የተረፉት ጠንካሮቹ ናቸው። ስንጥቁ ያለው በትልቋ ሆድ ነው። ደህና ደህናዎቹን ብቻ ጠይቀህ ምድርን ልታስፈጅ ነበር!"

ቅንጣቷን በመቆንጠጫ አንስቶ መጭመቂያው ላይ አኖራት። ቀጭ የሚል ድምፅ ጠብቆ ነበር። ምንም አልተሰማም። ብረቱ ገና ነካ ሲያደርጋት፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው እጅና እግሯን ዘርግታ ዱቄት ሆነች።

"መሣሪያው በርቷል?" አሉ መሐንዲሱ።

"በርቷል ጋሼ።"

ቁጥሩን አይተው ወንበር ሳቡ። "ብንገጫት ተበትና በላያችን ትዘንብ ነበር። እንግዲህ ቀድመን ሄደን፣ በትንሽ በትንሹ ነው የምንገፋት። ዓመታት ይፈጃል።"

"ዓመታት አሉን?"

"ዛሬ ከጀመርን አሉን።" ዕቅዱን እንደ አዲስ ሊጽፉ እየተጣደፉ ወጡ።

ሰባሪው ዱቄቷን በለስላሳ ብሩሽ ወደ ብልቃጥ ጠረገ። ቅር አላለውም፤ እሱንም ገረመው። ዓይኑ እንደተከፈተ፣ ተራራ የምታህል ጥቁር አለት ታየችው። የተኛ ሕፃን ከአልጋ ወደ አልጋ እንደሚያዛውር ሰው፣ አንዲት መንኮራኩር ትንፋሿን ውጣ፣ ሳትቀሰቅሳት በምድር ደጃፍ ታሳልፋታለች።