እንባዎ ይቀላል

በአንሶላ ማጠቢያው ቤት እንፋሎቱ ከጠዋት ጀምሮ ስለሚነሣ ሰው የሚታየው ከወገቡ በታች ብቻ ነበር። ከወገብ በላይ ያለው ደመና ነው። ደመናው ውስጥ አንድ ፉጨት ቀኑን ሙሉ ይዞራል። የሚያፏጨው አንሶላ አጣፊው ነበርና ስሙም በዚያው ፉጬ ሆኖ ቀረ።

ትልቁን አንሶላ የሚያጥፈው ሁለት ሰው ነው። አንዱን ጫፍ ፉጬ ይይዛል፤ ሌላውን የምትይዘው ልብስ የምትተኩሰው ሴት ናት። እሱ በዕድሜ ስለምትበልጠው እትዬ ይላታል። ሌሎቹ ተኳሿ ሲሏት፣ በሕይወቷ የገደለችው የጨርቅ መጨማደድን ብቻ እንደሆነ ትመልስላቸዋለች። ሁለቱ በደመናው ውስጥ ሳይተያዩ በፉጨቱ ልክ ይራመዳሉ፤ ጫፍ ከጫፍ ይገጥማል።

አንድ ሰኞ ጤና ጣቢያው ከሌላ አገር መጥተው በአንድ ክፍል ተጨናንቀው የሚያድሩትን ሠራተኞች ለምርመራ ጠራ። ፉጬ ከአምስት ሰው ጋር ነው የሚያድረው። ደሙን ቀዱት፤ ደረቱን በራጅ አነሡት። ነርሷ የምትለውን ከስልክ ውስጥ አንድ አስተርጓሚ ያቀብለዋል።

«ቲቢው ሰውነትዎ ውስጥ አለ፤ ግን ተኝቷል» አለው ድምፁ። «ተኝቶ ሳለ ወደ ሰው አይተላለፍም። እንዳይነቃ አራት ወር መድኃኒት ይወስዳሉ።»

ከየት እንደያዘው ማንም አልነገረው። በመንገድ ላይ በጭነት መኪና ታጭቀው ሲመጡ ሊሆን ይችላል፤ ገና ልጅ ሳለም ሊሆን ይችላል። ብቻ እንግዳው ሳይጠራ ገብቶ ተኝቷል። ፉጬ አውቶቡስ ውስጥ ግንባሩን መስተዋቱ ላይ አስደግፎ ሲሄድ ታየው፤ ደረቱ ውስጥ በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ሲወርድ እንዳይቀሰቅሰው ብሎ በእግሩ ጣት ረገጠ።

ባለቤቱና አራት ዓመት የሆናት ልጁ ሚጢጢ ከአምስት ወር በኋላ ሊመጡለት ነው። ሚጢጢ እሱ ደረት ላይ ካልተኛች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። እንግዳው ያን ጊዜ ቢነቃ የሚያንኳኳት የመጀመሪያዋ በር እሷ ናት።

ከክኒኑ ጋር በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጥተውታል። ከሁሉም የወደደው መጨረሻ ያለችውን መስመር ነው። «ሽንትዎና እንባዎ ይቀላል፤ አይደንግጡ።» ስለ ሽንቱ እንኳ ብዙም ግድ የለውም። ግን ከአገሩ ከወጣ ወዲህ እንባው ደረቱ ላይ እንደ ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ ከብዶት ነበር። ወረቀት ይህን ማወቁ ገረመው። መስመሯን በቃሉ ያዛት፤ ማሽኖቹ ሲዞሩም ይቀላል፣ ይቀላል የሚሉ ይመስለው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ ዝቅ ብሎ ሲያይ ሽንቱ ቀይ ነው። ደም መሰለው። እንግዳው ነቅቷል፤ የቀሰቀሰውም ክኒኑ ነው ብሎ አሰበ። የቀረውን ክኒን በካልሲ ጠቅልሎ ከሻንጣው ሥር ሸሸገው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ያውቃል፤ ተረት ግን የሚጥመው ለሌላ ሰው ሲነገር ነው። ቢናገር የልጁን የመግቢያ ወረቀት ይቀድዱብኛል ብሎ ፈራ። በሽታውን ወደ ሰው እንዳያጋባ ትንፋሹን ቆጥቦ፣ አፉን ዘግቶ፣ ፍራሹን በሩ ሥር አንጥፎ ተኛ። ሚጢጢ ደውላ አፏጭልኝ ስትለው አፌን አሞኛል አላት። እሷም እስኪሻለው ስልኩን ይዛ ጠበቀችው።

ደመናው ዝም ካለ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። አንሶላዎቹ ጠመሙ። አንዱ ጫፍ ሲመጣ ሌላው ይቀራል። በአሥራ አንደኛው ቀን ተኳሿ በእንፋሎቱ ውስጥ ከትከሻው ጋር ተላተመችና የያዘችውን ጫፍ ለቀቀችው።

«ምላስህን ድመት በላችው እንዳልል ምሳ ስትበላ አይቼሃለሁ» አለችው። «ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

ሊሸሻት ፈልጎ ነበር። ግን በደመናው ውስጥ ፊቱ ስለማይታይ ሁሉንም ነገራት፤ የተኛውን፣ የነቃውን፣ ቀዩን። ከኪሱ ያቺን ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። መተኮሻው ጠረጴዛ ዘንድ ባለው መብራት ሥር ወስዳ አነበበችለት። ፉጬ ጆሮውን አላመነም። የራሱ መስመር ናት፤ ግን እሱ እንደሚላት አልነበረም።

«እትዬ፣ ይቀላል እኮ ነው የሚለው። ይቀልላል።»

«ማን አጥብቀህ አንብብ አለህ? ላላ አድርገው። ቀይ ይሆናል ማለት ነው። እኔ አምና ይህንኑ ክኒን ስውጥ የእንባዬን ቀለም አይቼ ሻይ ነው የማለቅሰው ብያለሁ። አይደንግጡ ያለህ ለምን መሰለህ? ሰው ሲቀለው ይደነግጣል?»

ፉጬ አጥብቆ ሞከራት፤ ቀለለች። አላልቶ ሞከራት፤ ቀላች። ፊደሉ ያው ነው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ካልሲው ሳይቀር ተናዘዘ። አስተርጓሚው በስልኩ ውስጥ ሳቁን ዋጠ፤ ነርሷ ግን አልሳቀችም። ለወረቀቷ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ደረቱን እንደገና አዳመጠችው። እንግዳው አልነቃም፤ የልጁንም ወረቀት የሚነካ የለም። የጎደሉትን ቀናት ስትጨምርለት የመጨረሻዋ ክኒን ሚጢጢ ከምትደርስበት ቀን ሁለት ሳምንት ቀድማ ዋለች።

በምሳ ሰዓት ስልኩን በአንሶላው ክምር ላይ አቁሞ ደወለላት። አፍህ ዳነ ወይ አለችው። አፏጨላት። በዚያ በኩል ዓይኗ ተከደነ፤ በዚህ በኩል ማሽኑ እየቀዘቀዘ፣ ደመናው እየሳሳ ሄደ። ከፉጬ ጉንጭ አንዲት ጠብታ ወርዳ ነጩ አንሶላ ላይ ብርቱካን ቀለም ጣለች።

ተኳሿ ጎንበስ ብላ አየቻትና «በል እንግዲህ፣ ይህን መልሰህ እጠበው» አለችው።

«ይቀላል እትዬ» አላት።

አጥብቆት ይሁን አላልቶት፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ለይታ አልሰማችውም። የአንሶላውን አንድ ጫፍ አንሥታ ፉጨቱን ጠበቀች።