ለ«ፍሬንድ» ቤት የሚመታ

ያን ሰሞን ምንትዋብን የሚያቁነጠንጥ ነገር ይዟት ነበር። ወንበር ላይ አትረጋም፣ እህል አይወርድላትም፣ ሰው ሲያናግራት ከንፈሯ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። የቦሌ ካርጎ ቢሮ ባልደረቦቿ ፍቅር ይዟት ነው ብለው አሟት። ፍቅር ቢሆንማ በማን ዕድሏ። የያዛት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት፤ ፍሬንድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአብዮት በዓል የውጭ አገር እንግዶች ስለሚመጡ፣ የየቀበሌው የኪነት ቡድን በእንግሊዝኛ አንድ አንድ መዝሙር አዘጋጅቶ ቀበሌዎቹን በሚያስተዳድረው በከፍተኛው አዳራሽ እንዲወዳደር ከበላይ ትእዛዝ ወረደ። የመጀመሪያው ስንኝ ተቆርጦ ተሰጥቷል፦ «ኢትዮጵያ ኢዝ ዩር ፍሬንድ»፣ ኢትዮጵያ ወዳጃችሁ ናት። የቀረውን እንደፍጥርጥራችሁ ሙሉት ተባለ። ከቀበሌው ነዋሪ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ታይፕ ስትመታ የምትውለው ምንትዋብ ናትና ተጠራች። ሊቀ መንበሩ ጓድ ረታ ደግሞ ነገር ማሽሞንሞን አያውቅም።

«ጓድ ምንትዋብ፣ መዝሙር ያላቀረበም መጨረሻ የወጣም ኪነት ይፈርሳል። ከፈረሰ ልጆቹን ከብሔራዊ ውትድርና የማስቀርበት ምክንያት የለኝም» አላት። «ወንድምሽም እዚያው ውስጥ ነው መሰለኝ።»

መሰለኝ ይላል እንዴ። ክራር መቺው አምደሚካኤል የምንትዋብ ታናሽ ወንድም መሆኑን ከቦሌ እስከ መገናኛ የማያውቅ የለም። እናታቸው ስታርፍ ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። የመጣላትን ባል ሁሉ «እስቲ ይሄ ልጅ ይድረስ» እያለች መልሳ፣ አሳድጋ ለዚህ ያበቃችው እሷ ናት። አሁን ሲደርስላት ጠብመንጃ ሊያሸክሙት ነው። እሱ ግን ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም፤ ክራሩ ከተቃኘለት ዓለም ተቃንታለች።

እናም ምንትዋብ ለፍሬንድ ቤት ፍለጋ ገባች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። በአማርኛ ቢሆን ማን ይቸገራል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከመጨረሻዋ ፊደል ከገጠመች ቤት መታ ነው፤ አልቃሽም አዝማሪም የሚያውቀው ሕግ። በእንግሊዝኛ ግን እንደዚያ አይደለም። አሥረኛ ክፍል ሳለች ጉድን ከሮድ ጋር፣ ማለትም መልካምን ከመንገድ ጋር፣ ሁለቱም በድ ያልቃሉ ብላ ገጥማ፣ ህንዳዊው አስተማሪዋ በቀይ አስምሮባት ነበር። ከድ በፊት ያለው ድምፅም አንድ ካልሆነ ቅርብ ነው እንጂ ቤት አይመታም፣ ብሎ ክፍሉ ፊት አቁሞ አስተማራት። ጎረቤት የቱን ያህል ቢቀርብ ዘመድ አይሆንም እንደማለት ነው። ያ ቀይ መስመር ዛሬም ያሳፍራታል።

በውይይት ታክሲ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችውን ሴት እያየች ቤንድ ትላለች። መጉበጥ ነው፤ ጓድ ረታ አብዮት አይጎብጥም ይላታል። ሌንድ፣ ማበደር። እንግዶቹ ሊበደሩን ነው ብለው ይሸሻሉ። ኤንድ ደግሞ ማለቅ፤ ምን ሟርት ነው። ሴንድ፣ መላክ። ይቺን ስትደርስባት በእጇ አፏን ያዘች። ወንድሟን ላለማስላክ በምትዋትትበት መዝሙር ውስጥ መላክን በገዛ እጇ ልታስገባ? ኤንድንና ሴንድን ዳግመኛ ላታነሳቸው ማለች።

በመጨረሻ ሜንድ መጣላት፤ መጠገን። «ዋት ኢዝ ብሮክን ዊ ዊል ሜንድ»፣ የተሰበረውን እንጠግናለን። ፍሬንድና ሜንድ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። ህንዳዊው ቢሰማ ይስማት ነበር። ጓድ ረታም የአብዮቱ መንፈስ አለበት ብሎ አጸደቀው። ያን ቀን ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች።

ምን ያደርጋል፣ ደስታዋ አላደረም። ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲጠጡ ለጋሼ ገብረሰንበት ነገረቻቸው። ጋሼ ገብረሰንበት የካርጎው ጫኝና አውራጅ አለቃ ናቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ምነው ጋሼ፣ አልወደዱትም?»

«ልጄ፣ መዝሙሩስ ያማረ ነው። ያለፈው ዓመት አንደኛ የወጣው ኪነት የት እንደሄደ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሰሜን ግንባር። ሠራዊቱን ያጫውት ተብሎ። ከበሮአቸውን ያስጫንኩት እኔ ነኝ። የተመለሰ ከበሮ ግን እስካሁን አላወረድኩም።»

ከድጡ ወደ ማጡ የሚሉት ይሄ ነው። መጨረሻ ከወጡ ኪነቱ ፈርሶ ልጁ ወታደር ይሆናል፤ አንደኛ ከወጡ ክራሩን ይዞ ግንባር ይወርዳል። የሚያተርፈው መሃል መግባት ብቻ ነው። ለአምደሚካኤል እንዳትነግረው ደግሞ ታውቀዋለች፤ ለዚያ ሁሉ ሰው ልጫወት ነው ብሎ ከበሮውን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። ምንትዋብ ታይፕዋ ላይ ተቀመጠች። አንዱን ደብዳቤ ሦስቴ ቀድዳ እንደገና ጀመረችው።

መላ የመጣላት ከዚያው ከቀዩ መስመር ነው። መዝሙሩን ትንሽ አንካሳ ታደርገዋለች። ሜንድን አውጥታ በቦታው ቅርብ ሆኖ ቤት የማይመታ ቃል ትከታለች። ከዳኞቹ አንዱ ውጭ አገር የተማረ ነው ተብሏል፤ እሱ ይሰማዋል፣ ነጥብ ይቀንሳል፣ እንዳይጥለው ደግሞ መዝሙሩ መዝሙር ነው። መሃል ላይ ቁጭ ይላሉ። እናም ሃንድን አገኘች፤ እጅ። «ካም ኤንድ ቴክ አወር ሃንድ»፣ ኑ እጃችንን ያዙ። ጓድ ረታ እንደሁ እጅ ለእጅ መያያዝን አይጠላም። ፍሬንድና ሃንድ፤ ጎረቤት እንጂ ዘመድ ያልሆኑ። በሕይወቷ ሙሉ ስህተት ስትሠራ እንደዚያ ተጠንቅቃ አታውቅም።

ማታ ራት ላይ ለአምደሚካኤል ሰጠችው። እሱም ክራሩን አንስቶ አንዴ አለውና ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ይበልጣል።»

«እንዴት ይበልጣል? ያኛው አይሻልም ነበር?» አለች ክው ብላ።

«ያኛው ደረቅ ነበር። ይሄ ድ ላይ ሲያርፍ አይሰማሽም? ደግሞ እጅ ሲባል ተወዛዋዦቹ እጃቸውን ይዘረጋሉ።»

አንተ ምን ታውቃለህ፣ የክራር ጆሮ ነው ያለህ፣ ብላ ራሷን አጽናናች። የሚፈርደው እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ነው። ቢሆንም እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ምንትዋብ ከኋላ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ስትገምድና ስትፈታ ቆየች። ከእነሱ በፊት የቀረቡት ቀበሌዎች እንግሊዝኛውን ጮኹት እንጂ አልዘፈኑትም። ሌሎቹ እንዲህ ደካማ ይሆናሉ ብላ አላሰበችም ነበር። ከዚያ አምደሚካኤል ወጣ። ክራሩን ሲነካው አዳራሹ ጸጥ አለ። ፍሬንድ ሲል ሕዝቡ ተቀበለ፤ ሃንድ ሲል ተወዛዋዦቹ እጃቸውን ወደ ዳኞቹ ዘረጉ። ያ ውጭ አገር የተማረው ዳኛ፣ ምንትዋብ ተስፋዋን ሁሉ የጣለችበት ሰውዬ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ያንዷን ልጅ እጅ ያዘና ጨበጠ። አዳራሹ ቀለጠ።

ውጤቱን የተናገረውም እሱው ነው። «ሌሎቹ እንግሊዝኛ አወሩ» አለ መነጽሩን እየወለወለ። «እነዚህ ግን ገጠሙ። ፍሬንድና ሃንድ፤ ድ ላይ ጥርቅም አድርገው ቤት መቱ። አንደኛ ናቸው።»

ሰውዬው ውጭ አገር ሲሄድ ጆሮውን እዚሁ ትቶ ነበር የሄደው። ምንትዋብ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አምደሚካኤል በሰው መሃል እየተጋፋ መጥቶ አቀፋት፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ልቡ ሲመታ በደረቷ ይሰማታል። «እትዬ፣ ያንቺ ግጥም እኮ ነው» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ፊት አለቀሰች። እሱ የደስታ መሰለው።

ሳምንቱ ሳይሞላ ጓድ ረታ ደብዳቤ ይዞ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ቤታቸው መጣ። ኪነቱ ለሰሜኑ ሠራዊት እንዲያሳይ ተመርጧል፤ አውሮፕላን ተዘጋጅቷል። አምደሚካኤል እንደ ሠርገኛ ቤቱን ወዲህና ወዲያ ይለዋል፤ ትርፍ ጅማት ይፈልጋል፣ ሹራቡን ይጠይቃል።

«አንድ ነገር ብቻ ትጨምሪልናለሽ» አለ ጓድ ረታ። «ለሽኝቱ አንድ ስንኝ፤ ያው በፍሬንዱ ቤት። መቼም ፍለጋው ጊዜ ይወስድብሻል፤ እስከ ሐሙስ ብታደርሽልን።»

አምደሚካኤልም ክራሩን አንስቶ ጠበቃት። «ምን እንበል እትዬ?»

ምንትዋብ ሹራቡን እያጠፈች ነበር። እጅጌውን በእጅጌው ላይ አደረገች፣ አንገትጌውን አስተካከለች። ያን ሁሉ ቀን ያላስተኛት ፍለጋ አሁን አላስፈለጋትም፤ ላታነሳት የማለችባት ቃል እዚያው ተቀምጣ ስትጠብቃት ኖራለች።

«ሴንድ» አለች። «ቱ ዩ አወር ሰን ዊ ሴንድ በሉ። ልጃችንን ላክንላችሁ።»

ጓድ ረታ ጻፈው። አምደሚካኤል ቃኝቶ አንዴ ደገመው፤ እሱም ወደደው። ህንዳዊው አስተማሪዋ ቢያየው ቀይ አያሰምርበትም ነበር።