ሁለት ጊዜ የጠፋው ኮከብ

ጥር ፮ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የሮብ ገበያ ከተማው ባለ ወፍጮ አበረ ያን ጊዜ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። ፊደል የቆጠረው በልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ቢሆንም፣ የሰማይን ነገር የተማረው ግን ከሃምሳ ዓመቱ በኋላ፣ ልጁ በተወለት ስልክ ላይ አንድ አንድ ገጽ እያነበበ ነው። ያን ዕለት እህል ሊያስፈጩ የመጡትን በጊዜ አሰናበተ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ፀሐይ እንደ ገባች ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ቴሌስኮፑን ተከለ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ይቆርጣል።

የሚጠብቀው ነገር እንዲህ ነው። በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር አንድ ትልቅ ድንጋይ በምድርና በአንድ ኮከብ መካከል ሊያልፍ ነው። ድንጋዩ ከርቀቱ የተነሣ ለዓይን አይታይም፤ ጥላው በጎጃም ላይ ሲያልፍ ግን ኮከቡ ለጥቂት ሰከንድ ድርግም ይላል። በጥላው መካከል የቆመ ሰው ኮከቡን ረዘም ላለ ጊዜ ያጣዋል፤ በጠርዙ ያለው ለአጭር ጊዜ ያጣዋል፤ ከጥላው ውጭ የቆመው ጭራሽ አያጣውም። የሁሉም ምስክርነት ሲገጣጠም የድንጋዩ ስፋትና መልክ ይወጣል። የጥላውን መንገድ ያሰሉት ከአዲስ አበባ ዶክተር ዘመነ ነበሩ፤ ምስክርነቱን የሚሰበስበውን አፕሊኬሽን የሠራችው መሲ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ዓይን የሆኑት ደግሞ የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ስድስት ሰዎች ነበሩ።

መሲ ለእያንዳንዳቸው ቴሌስኮፕ በውሰት ሰጥታ ልታሠለጥናቸው በመጣች ጊዜ ደጋግማ ያለችው አንድ ነገር ነው። «እኔ የምፈልገው ልዩነታችሁን ነው። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ነገር ካመጣችሁልኝ ምንም አላመጣችሁልኝም።» ቀጥላም፣ «ድንጋዩ በዙሪያው የሚዞር ትንሽ ተከታይ ይኖረው እንደ ሆነ አናውቅም። ካለው የተከታዩ ጥላ በአንድ መንደር ላይ ብቻ ሊያልፍ ይችላል። ኮከቡ ሁለት ጊዜ የጠፋበት ሰው ከተገኘ፣ ያ ሰው ከእኔም ከዶክተሩም በልጦ ሠራ ማለት ነው» አለች። አበረ ይህን ቃል ይዞ ወደ ሮብ ገበያ ተመለሰ፤ ለባለቤቱ ለሥራነሽም ነገራት።

ሰዓቱ ደረሰ። ኮከቡ ጠፋ፤ አበረ የስልኩን ገጽ ነካ። ኮከቡ ተመለሰ፤ ዳግመኛ ነካ። ትንፋሹን ለቅቆ ዓይኑን ሊያነሣ ሲል ኮከቡ እንደገና ድርግም አለ፤ ሰው ምራቁን በሚውጥበት ያህል ጊዜ ቆየና በራ። እጁ ከልቡ ቀድሞ ስልኩን ነክቶ ነበር። ለመሲ ቢደውል ኔትወርክ የለም። አፕሊኬሽኑ ኔትወርክ እስኪገኝና ባለቤቱ ላክ እስኪለው የተነካውን ሁሉ ይዞ ያቆያል፤ እስኪላክ ድረስም ጣቱ የሳተ ሰው ማስተካከል ይችላል። መሲ ይህን ያደረገችው ለደግ ብላ ነው።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስድስቱም ደብረ ማርቆስ ከየኔታ ገዳሙ ግቢ ተሰበሰቡ። የኔታ ገዳሙ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የዜማ መምህር፣ የባሕረ ሐሳብ አዋቂ፣ የስድስቱ ኮከብ ተመልካቾች ማኅበርም ሰብሳቢ ናቸው። የቀሩት አምስቱ ሁሉ በየጊዜው ከእግራቸው ሥር የተማሩ ናቸው። የኔታ ሳይሰሙት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ነገር አልነበረም፤ ይህን ያዘዘ ሰው የለም፣ እንዲሁ ኖሮ ኖሮ ሕግ ሆነ እንጂ። በዜማ ቤት ተማሪ የተቀበለውን በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ ከመምህሩ ድምፅ የወጣው ይታረማል፤ እስኪገጥም ይመላለሳል። ጸናጽል አንድ ላይ ይመታል። ስድስት ሰው ቆሞ ስድስት ድምፅ ከተሰማ ውርደቱ የመምህሩ ነው።

የኔታ ኮከቡ ስንት ሰከንድ እንደ ጠፋባቸው ተናገሩ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የይጁቤው የፊዚክስ አስተማሪ አንሙት ስልኩን ከፈተ።

«የእኔ ከእርስዎ ትንሽ ይረዝማል፣ የኔታ።»

«ጣትህ ዘግይቶ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለና አስተካከለ። ከደጀን የመጣውም አስተካከለ፤ የቀሩትም እንዲሁ። ማንም የዋሸ አልመሰለውም፤ የታረመ መሰለው። ተራው ከአበረ ደረሰ።

«እኔ ሁለት ጊዜ ነው የጠፋብኝ» አለ።

አንሙት ጉሮሮውን ጠረገ። «አያ አበረ፣ ሁለተኛውን ጽዋ ስታነሣ ይሆናል የጠፋብህ።»

ሳቁ። የደጀኑ ሰው ቀበል አድርጎ፣ «ዱቄት ነው። የወፍጮ ሰው ዓይኑን ሳያብስ ሰማይ ያያል» አለ። ይኸኛው ሳቅ ከመጀመሪያው በረታ።

የኔታ አልሳቁም። «አበረ፣ ከዜማ ቤት ለምን እንደ ወጣህ ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ፣ የኔታ።»

«ንገራቸው።»

አበረ አንገቱን ደፋ። «ጸናጽሌ ከሰው ኋላ ስለሚመታ።»

«ሰው ሁሉ መትቶ ጸጥ ሲል፣ አንተ ብቻህን ቅጭል ታደርግ ነበር። አሁንም ያው ነው። ሰው ሁሉ አይቶ ሲጨርስ አንተ ገና ታያለህ።»

«የኔታ፣ ልጅቱ እኮ ነግራናለች። በአንድ መንደር ብቻ ሊሆን ይችላል ብላለች። አይቻለሁ።»

«እኛ ያላየነውን ለአንተ ብቻ የሚገልጽልህ ምን በቅተህ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ማኅበሩን በአንተ ምክንያት መሳቂያ አላደርግም። አጥፋው።»

አንሙት ሊያግዝ እጁን ወደ ስልኩ ሲዘረጋ የኔታ ከለከሉት። «ተወው። በገዛ እጁ ያጥፋው።»

አበረ ስልኩን አየ። አፕሊኬሽኑ፣ ሁለተኛው ይሰረዝ ወይ ብሎ ጠየቀው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ በፊደል ቤት በአለንጋ የተማረው ነገር በስድሳ ሦስት ዓመቱ ክንዱን መርቶ አስነካው። ቀጥሎ የፊተኛውን ከየኔታ ጋር አስማማ። በማርቆስ ኔትወርክ አለ፤ ላክ ሲሉት የስድስቱም ወዲያው ሄደ። የኔታ አባታችን ሆይ ደገሙና ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ለአበረም እንደ ሌላው ድርሻው ደረሰው።

ጥምቀት አልፎ፣ መሲና ዶክተር ዘመነ ስድስቱንም ቴሌስኮፓቸውን ይዘው ማርቆስ እንዲመጡ አስጠሩ። አበረ የራሱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎት መጣ። ሲመጣ አንድ አሳብ ነበረው፤ ዛሬ ሁለተኛውን ይናገራል። ለመሲ ፊት ለፊት ከነገራት ምስክርነቱ አልሞተም ብሎ አሰበ።

መሲ ለመቀመጥም አልፈለገች። «ስድስታችሁም አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የላካችሁልኝ። እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ጨርሶ አላያችሁም፣ ወይም ተመካክራችሁ ጻፋችሁ።»

የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። «ያስተካከልሁ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ልዩነቱ የጣት ስህተት መስሎኝ ነው። ቅጣቱ ለእኔ ይሁን።»

ዶክተሩ የሽማግሌውን መቆም ሲያዩ ልባቸው ራራ። መሲም ቁጣዋ በረደ። «የመጀመሪያውን የሚያስታውስ ሰው የለም? አፕሊኬሽኑ መለወጡን እንጂ የተለወጠውን አልያዘልኝም።»

በዚህ ጊዜ አበረ ተነሣ። «እኔ አስታውሳለሁ። ኮከቡ በእኔ ዘንድ ሁለት ጊዜ ነው የጠፋ። ሁለተኛው ከፊተኛው ያጠረ ነው።»

መሲና ዶክተሩ ተያዩ። አበረ በፊታቸው ደስታን ሲጠብቅ ያየው ሌላ ነገር ነው።

«ጋሽ አበረ» አለች መሲ ቀስ ብላ፣ «ተከታይ እንዳለው ከባሕር ማዶ ያሉ ተመልካቾች ትናንት አስታውቀዋል። ዜናው በየስልኩ ላይ ነው።»

«እኔ አላነበብሁም። በዚያው እሑድ ለእነዚህ ሁሉ ተናግሬአለሁ። ጠይቂያቸው።»

እርሷም ጠየቀች። አንሙት ጫማውን ተመለከተ። «ሁለት ጊዜ የሚል ነገር አልሰማሁም» አለ። የደጀኑም አልሰማሁም አለ። ሌሎቹ አንሙትን ተከተሉ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ የኔታ ዞሩ። የኔታ የሰዓቱን ማስተካከል በራሳቸው ላይ ወስደው ምሕረት አግኝተዋል፤ ይህን ቢጨምሩ ግን ማኅበሩ ያጣው ግኝት በእርሳቸው አፍ የጠፋ ይሆናል። መቋሚያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አልሰማሁም» አሉ።

ስድስት ሰው አንድ ድምፅ ሆነ ማለት አይቻልም፤ አምስቱ ግን ገጠሙ።

መሲ ለአምስቱ ሌላ ሥልጠና እንደሚሰጣቸው፣ ቴሌስኮፑም በእጃቸው እንደሚቆይ ነገረች። ለአበረ የተናገረችው አጭር ነበር። «የሳተ ሰው ይመለሳል። ሌሎች ያገኙትን ከዜና ወስዶ አይቻለሁ ከሚል ሰው ጋር ግን መሥራት አልችልም።» ቴሌስኮፑን ከብርድ ልብሱ ፈትታ መኪናዋ ላይ ጫነች፤ ብርድ ልብሱን አጥፋ መለሰችለት። ሲጭኑ ከማቆሚያው እግሮች አንዱ ጠንክሮ እምቢ ስላላቸው ያጠፈላቸው ራሱ አበረ ነው።

ሰው ሲበተን የኔታ የሚደግፋቸው አጡ፤ አበረ እንደ ልማዱ ክንዱን ሰጣቸው። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በዝግታ ሄዱ።

«አይተህ ነበር» አሉት ከበሩ ሲደርሱ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ። ዓይንህ ድሮም ደኅና ነው። የጎደለህ ጆሮ ነው።»

አበረ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እርሳቸውም እግዚአብሔር ይባርክህ ብለው ገቡ። ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደውን መኪና ያዘና የታጠፈውን ብርድ ልብስ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቤቱ ሲደርስ ሥራነሽ ከደጅ ቆማ፣ «ነገርሃቸው?» አለችው።

«ነገርኋቸው።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

ብርድ ልብሱን ሰጥቷት ወደ ወፍጮ ቤቱ ገባ፤ ሰኞ የሚፈጭ እህል ተደርድሮ ይጠብቀው ነበር።

ይህን የጻፍሁት አበረ ከነገረኝና ከአምስቱ አንዱ ኋላ ካመነልኝ አገጣጥሜ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ቀኑን ወይም የተቀመጡበትን ተራ አዛብቼ፣ አንዱ የተናገረውንም ለሌላው ሰጥቼ እንደ ሆነ፣ በዚያ የነበራችሁና የምታውቁ አንባቢዎች እንድታርሙኝ እለምናለሁ።