ዝኒ ከማሁ የተባለው ተመራማሪ

ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ባለቤቱ ጋሽ ሚንሃጅ፣ የአክስቱ ልጅ ጀነት፣ እና እኔ ጸሐፊው አበረ።

ጀነት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። አምስት ዓይነት የቃጠሎ መድኃኒቶችን ከሠላሳ አንድ ጥናቶች ሰብስባ ታወዳድራለች። መድኃኒቶቹ ሁሉም እርስ በርሳቸው አልተፈተኑም፤ አንዱ ጥናት ይህን ከዚያ፣ ሌላው ያን ከሦስተኛው ያወዳድራል። ስለዚህ ሁሉን እንደ መረብ አያይዞ የሚያሰላ ሶፍትዌር ያስፈልጋታል። ሥራው ኔትዎርክ ሜታ-አናሊሲስ ይባላል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ስሙን በትክክል ከመጻፍ በቀር የማውቀው የለም።

አማካሪዋ ዶክተር ፍሥሐ «በየትኛው ሶፍትዌር እንደምትሠሪ እስከ ስድስት ሰዓት አሳውቂኝ» ብለዋታል። ካላሳወቀች፣ ወይም የማይሆነውን ከመረጠች፣ ምረቃዋ ለከርሞ ይተላለፋል።

ሁለት ፕሮግራሞች በኮምፒውተሬ ላይ ጭናለች። አንደኛው አዝራር በመጫን ብቻ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው «አር» ይባላል፤ ትእዛዙን መስመር በመስመር መጻፍ ይፈልጋል።

አንደኛውን ጫን ስታደርገው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክቦች በመስመር ተያይዘው ብቅ አሉ።

«ኧረ ሲያምር! ጥልፍ እኮ ነው!» አለ ጋሽ ሚንሃጅ። «በይ ይህን ያዢና እንገላገል።»

«ቆይ አንተ፣ ያኛውንም ልየው።»

እሷ ትእዛዙን ከወረቀት እያነበበች፣ እኔ እያንዳንዷን ነጠላ ሰረዝ እየተጠነቀቅሁ ጻፍኩ። አር ምንም ሥዕል አላወጣም። በቀይ ጽሑፍ ተቆጣን።

ጀነት ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልን፤ «‹ዝኒ ከማሁ› የተባለው ጥናት የማወዳደሪያው ብዛት ልክ አይደለም ይላል። ዝኒ ከማሁ ማን ነው? እንዲህ የሚባል ተመራማሪ አላነበብኩም!»

«ስሙስ የደብር አለቃ ይመስላል» አለ ጋሽ ሚንሃጅ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ሁለቱ ፕሮግራሞች የሚያነቡትን የጥናቶች ሠንጠረዥ ከእጅ ጽሑፏ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሦስት መድኃኒት የፈተነ ጥናት ሦስት መስመር ይይዛል፤ እሷም የተመራማሪውን ስም ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጽፋው ነበር። በእኛ ቤት ግን የስም ዝርዝር ሲጻፍ አንድ ስም አይደጋገምም፤ ከሥሩ ‹ይህም እንደ ላይኛው› ለማለት «ዝኒ ከማሁ» ተብሎ ይታለፋል። እሷ ደግሞ ስታመሳክር ያየችው ቁጥሮቹን ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። አልሰሙኝም። ደግሜ፣ «እታለም፣ ዝኒ ከማሁ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። የጀነት ሳቅ ፈነዳ።

«አራት ጥናት፣ ስምንት መስመር! ሰውየው እኮ ዓለም አቀፍ ተመራማሪ ሆነዋል!»

«ከዶክተር ፍሥሐ ይበልጣሉ» አለ ጋሽ ሚንሃጅ ሆዱን ይዞ። «አለቃ ዝኒ ከማሁ አማካሪ ይሁኗት እንጂ!»

እኔም ሳቅሁ። እንባዬ ወርዶ ቁልፎቹን አላይ እስክል ድረስ ሳቅሁ። ጀነት ወደ ኮምፒውተሩ ስትመለስ እንኳ ማቆም አልቻልኩም።

«ግን ያ ባለጥልፉ ፕሮግራም ለምን ዝም አለ?» አለች።

እውነትም ዝም ብሎ ነበር። ዝኒ ከማሁን እንደ ሰው ቆጥሮ፣ አስልቶ፣ ሥሎ ሰጥቶናል። ስሞቹን መልሼ አስተካከልኩና አርን ደግመን አስኬድነው። ባለጥልፉ አንደኛ ያደረገው ቅባት ሦስተኛ ወጣ።

«ይህን ይዤ ፈታኞቼ ፊት ብቆም ኖሮ!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች፤ ወዲያው ደግሞ እንደ ሕፃን ወንበሩ ላይ ተሽከረከረች። «የሚቆጣኝን ነው የምፈልገው!»

«እኔም እቆጣሽ የለም እንዴ?» አለ ጋሽ ሚንሃጅ።

«አንተ ጥልፍ ነው ያልከኝ!»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ «አር» ብላ ለዶክተር ፍሥሐ መልእክት ላከች። እሳቸውም «ይሁን፣ ቀጥይ» ብለው መለሱ።